የጨለማው ወገን ሲነሳ

በየወሩ መጀመሪያ ለየፋብሪካው ስልክ ትደውልና ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች። አንደኛው «ባለፈው ወር ምን ያህል አመረታችሁ?» የሚል ነው። ይህን የማይመልስ የለም፤ የተመረተው መጋዘን ገብቷል፣ ወጥቷል፣ ተቆጥሯል። ሁለተኛው ግን «ያላችሁ ማሽን ሁሉ ቢሠራ ኖሮ ምን ያህል ታመርቱ ነበር?» ይላል። እዚህ ላይ ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ አንድ የሰለቸው ድምፅ፣ «ያው ያለፈውን ጻፊው እቴ፤ ምን አዲስ ነገር አለ ብለሽ ነው» ይላታል።

እሷም ያለፈውን ትጽፋለች። አንደኛውን መልስ ለሁለተኛው አካፍላ፣ ዱቄቱን፣ ምስማሩን፣ ጠርሙሱንና ጨርቁን እንደየክብደታቸው ደማምራ፣ በወሩ አጋማሽ አንዲት መቶኛ ታወጣለች። የአገሩ ፋብሪካ በሙሉ ከአቅሙ ምን ያህሉን እንደሠራ የምትናገረው ያቺ መቶኛ ናት። በዜናም ትነበባለች። የምትነበበው ግን ከስፖርቱ በፊት ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ያን ሰዓት ሻይ ሊቀዳ ይነሳል።

በምትሠራበት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እሷን ራሷን «መቶኛ» ነው የሚሏት። ስለ ሰማዩ ቢጠይቋት «ሰባ በመቶ ይዘንባል» ትላለች፤ ስለ ጎረቤቷ ደግነት ቢጠይቋት ደግሞ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ስድሳ» ትላለች። እንዲህም ሆና አንዳንድ ቀን «ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ሠርቷል» ብላ ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ቆም ይላል። የቀረው ግማሽስ የት ነው ያለው? በየወሩ ያልተፈጨ፣ ያልተቀጠቀጠ፣ ያልተሸመነ አንድ ተራራ ሙሉ ነገር አለ ማለት ነው። በየወሩ ትቀንሰዋለች እንጂ አይታው አታውቅም። ፋብሪካ አልገባችም ማለት አይደለም፤ ገብታለች፤ ቢሮው ድረስ ገብታ፣ ሻይ ጠጥታ ወጥታለች።

አንድ ወር ላይ ከሽመና ፋብሪካው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ማመልከቻ መጣ። ሰውየው ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሲናገርም ቃል የማይዛነፍበት ሰው ነው። በየወሩ በሚወጣው ሰንጠረዥ ላይ በደህና የሚሠራ ፋብሪካ አረንጓዴ ይቀባል፤ ደከም ያለው ቢጫ፣ የባሰበት ቀይ። ሽመና ፋብሪካው ቢጫ ከሆነ ዘመን አልፎታል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አረንጓዴ መሆን ፈለገ። ወደ አረንጓዴ የሚያደርሰው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ብዙ ማምረት ነው፤ ይሄ ክር ይፈልጋል፣ ገዢ ይፈልጋል፣ ላብ ይፈልጋል። ሁለተኛው አቅምን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ነው፤ ይሄኛው ማመልከቻ ብቻ ይፈልጋል። ስለዚህ በአዳራሹ ግራ በኩል የቆሙት ማሽኖች በሙሉ ከአቅም እንዲሰረዙለት ጠየቀ። ከተሰረዙ በኋላ ለብረት ገዢ ይሸጣሉ። አንድ ክንድ ጨርቅ ሳይጨመር ፋብሪካው በረታ ማለት ነው።

መቶኛ ሂሳቡን አየችና «ብልህ ነው» አለች። ደንቡ ግን አቅም የሚቀንስ ሲሆን ባለሙያ ሄዶ በዓይኑ እንዲያይ ያዛል።

«የእህቴ ባል እዚያ ዋና መካኒክ ነው» አለቻት የክፍል ኃላፊዋን።

«ታዲያ ማንን ልላክ? ያን ጎንሽ የሚቀመጠውን? እሱ እንደሆነ ማሽን ሲባል ፎቶኮፒ ነው የሚመጣበት።»

«ለዘመዷ አደላች ይሉኛል።»

«ዝምድና ወረርሽኝ አይደለም። ያየሽውን ጻፊ፣ ያላየሽውን አትጻፊ። በቃ።»

እሁድ እህቷ ቤት ምሳ ሄደች። የእህቷ ባል ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ሽመና ክፍል ዕድሜውን የፈጀ ሰው የጆሮውን ግማሽ እዚያው ትቶ ነው የሚወጣው። ስለተበላሸ ነገር ሁሉ ቃሉ አንድ ስለሆነ ሰፈሩ «ጋሽ ይነሳል» ይለዋል። የጎረቤት ራዲዮ ይነሳል። የውሃ መሳቢያው ይነሳል። ግቢው ውስጥ ጎማዎቹ የወለቁ መኪና ቆሟል፣ ዶሮዎች ያድሩበታል፤ እሱም ይነሳል።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። በግራ በኩል ያሉት ማሽኖች ይሠራሉ?»

«ይነሳሉ!»

«ስንቶቹ?»

«ሁሉም ነዋ!»

«ሁሉም ማለት መቶ በመቶ ነው እኮ።»

«ይህቺ ዋርሳዬ ደግሞ! ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። መቶ ምን አገባው?»

«እንደ መኪናው ነው የሚነሱት?»

እህቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ጋሽ ይነሳል ኩም አለና፣ «መኪናው ዕቃ አጥቶ ነው» ብሎ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ስትወጣ እህቷ እስከ በሩ ተከተለቻት። «ስሚኝ» አለቻት። «እነዚያ ብረቶች ከተሸጡ እሱንም አብረው እንደሸጡት ቁጠሪው። እነሱን የሚጠብቁት እሱና ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም መውጣታቸው ነው። ኑሮውን እንደምንም እንገፋዋለን። ግን ይሄ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የት ይሂድልኝ?»

«ቅዳሜ ምን ያደርጋል?»

«ሄደሽ እዪው። እኔ ብነግርሽ አታምኚኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። አዳራሹ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው አውራ ጣት ያህላል። በቀኙ በኩል ማሽኖቹ እየተንጫጩ ይሸምናሉ፣ ሴቶቹ በመካከላቸው እየተሽሎከሎኩ የተበጠሰ ክር ይቋጥራሉ። ግራው ወገን ጨለማ ነው። አምፖሎቹ ወልቀው ለቀኙ መተኪያ ከሆኑ ቆይተዋል። በረድፍ የቆሙት ማሽኖች ፋብሪካው ራሱ የሸመነው ጨርቅ ተከናንበዋል፤ እንግዳ መጥቶ አልጋ የለቀቁ ቤተሰቦች ወለል ላይ የተኙ ይመስላሉ። ሠራተኛው ሁሉ «ብርሃን ወገን» እና «ጨለማ ወገን» ነው የሚለው።

በጨለማው ወገን ጋሽ ይነሳልና ሁለት ባልደረቦቹ ከማሽን ወደ ማሽን ይሄዳሉ። ጨርቁን ገለጥ ያደርጋሉ፤ አንዱ በባትሪ ያበራል፣ አንዱ ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ ጋሽ ይነሳል የማሽኑን መዘውር በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ያዞረዋል፤ መልሰው ይሸፍኑታል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እያገላበጥናቸው ነዋ!» አለ እየጮኸ። «ባንድ ጎኑ ብቻ የተኛ በሽተኛ ጎኑ አይቆስልም? ይሄም ያው ነው። ባለበት ከተተወ ቅባቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠፍሩ እንደታጠፈ ይደርቃል፣ ስፕሪንጉ እንደተጫነ ይቀራል። በየሳምንቱ ሌላ ጎን እናስተኛቸዋለን።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ከኔ በፊት የነበረው መካኒክ።»

«እሱንስ?»

ጋሽ ይነሳል ባልደረቦቹን አየ፣ ባልደረቦቹ እሱን አዩ። «እሱን አልጠየቅነውም» አለ።

በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ትዝ አላት። የጨለማው ወገን ለዓመታት በአቅም ሲቆጠር የኖረው በሙሉ ሳይሆን ግማሹ ብቻ ነበር። ለምን ግማሹ እንደሆነ ስትጠይቅ የፋብሪካው ሂሳብ ክፍል አንድ ሽማግሌ አስረዳት። ከስንት ሥራ አስኪያጅ በፊት አንደኛው «ሞተዋል» ሲል፣ የዚያን ጊዜው መካኒክ «ይነሳሉ» ሲል፣ ስብሰባው አላልቅ ብሎ ምሳ ሰዓት አለፈ። የራበው የሂሳብ ሹም «በቃ ግማሹ ይቆጠር» ብሎ ገላገላቸው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ «ያው ያለፈውን ጻፊው» ሲሏት የኖሩት የዚያን ሰው ረሃብ ነው። እሷም ስትደምረው ኖራለች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስቀመጣት።

«እህቴ፣ የሰውዬውን ትጋት አደንቃለሁ» አላት። «ግን ያየሽው ማሽን ሳይሆን የመቃብር ጥበቃ ነው። እስቲ ይሄ አዳራሽ በሙሉ ሲሠራ አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው ጥሪልኝ። አንድ!»

በሩ ላይ ወደቆመው ጋሽ ይነሳል ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ አይተሃል?»

እሱ ለወትሮው ጥያቄ ሳያልቅ ነው የሚመልሰው። አሁን ግን ካፖርቱን የሚያወልቅ ሰው ይመስል ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። «እኔ ስቀጠርም ጨለማ ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ይህ ሰው በሕይወቱ ሲሠሩ አይቷቸው የማያውቃቸውን ማሽኖች ነው በየሳምንቱ የሚያገላብጠው። መቶኛ የምትለው ሳይገባት፣ «እንግዲያው ይነሱና እንያቸው» አለች።

«ባይነሱስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ።

«ባይነሱ እሰርዛቸዋለሁ። ግማሹን ሳይሆን በሙሉ።»

«ስማ አንተ፣ ዋርሳህ ጨካኝ ናት» አለው ሥራ አስኪያጁ። ጋሽ ይነሳል አልሳቀም። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይነሳል» አላለም።

ዝግጅቱ ቀላል አልነበረም። በየማሽኑ ላይ ድር ተጠቅልሎ መሰቀል ነበረበት፤ ለዚህ ከመጋዘን የከረመ ክር ወጣ። የመብራት ሠራተኛው ገመዶቹን ሁሉ እየዳሰሰ ሄደና፣ «አንድ ባንድ ነው የሚነሱት» አለ። «ሁሉም ባንዴ ከተነሱ መጀመሪያ የሚነሳው እሳት ነው።» ለማሽኑ ሁሉ ሠራተኛ እንዲበቃ ደግሞ ሦስቱም ፈረቃ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲገባ ተደረገ።

በቀጠሮው ዕለት መጀመሪያ የሆነው ነገር በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ሦስቱ ፈረቃዎች ተገናኝተው አያውቁም ነበርና በር ላይ ተፋጠው ቆሙ። ለዓመታት አንድ ማሽን እየተፈራረቁ የሠሩ ሁለት ሴቶች ስማቸው ጎን ለጎን በተለጠፈበት አንድ ቁም ሣጥን ፊት ተገናኙ።

«አንቺ ነሽ እንዴ መቀሱን የምትደብቂው?»

«አንቺ ነሻ ቋጠሮውን እንደ ሽንኩርት እያሳበጥሽ የምትሄጂው!»

«እኔማ ወፍራም ሴትዮ ትሆናለች ብዬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ክፉ ብዬ ነበር፤ እሱስ ገና አልለየም» አለችና ተቃቅፈው ሳቁ።

ሽፋኖቹ ተገፈፉ። ጋሽ ይነሳል ከመጀመሪያው ማሽን ፊት ቆመ፤ ቱታው ታጥቧል። የማስነሻውን ዘንግ ያዘና ጥቂት ቆየ። መቶኛ የምታስበው እህቷን ነበር፤ ይህ ዘንግ ተስቦ ዝም ካለ ማታ ምን ብላ ፊቷን ታያታለች? ደግሞስ ያልተነሳውን ተነሳ ብላ ልትጽፍ ነው?

ዘንጉ ተሳበ። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። መወርወሪያው ከአንዱ ሳጥን ወጥቶ እንደ አይጥ በድሩ መካከል ሾልኮ ሌላው ሳጥን ገባ፤ ተመለሰ፤ ደገመ። ከዚያ ለዓይን አልጨበጥ አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ይነሳል ወደ ሁለተኛው ሄዷል።

ሁለተኛው ተነሳ። ሦስተኛው ተነሳ። አራተኛው ላይ ጠፍሩ ተበጠሰና ዝም አለ፤ የሥራ አስኪያጁ ቅንድብ ከፍ አለ። አምስተኛው ተነሳ። አንደኛው ረድፍ ሲያልቅ ከቀኙ ድምፅ ጋር ይቆጠር የነበረው ምት ጠፋ፤ መቁጠር የማይቻል ሆነ። ሁለተኛው ረድፍ ሲጨመር ድምፁ ከጆሮ ወርዶ ደረት ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ረድፍ ወለሉ በጫማዋ ሶል በኩል ያናግራት ጀመር። ከጣሪያው ብረቶች ላይ የስንት ዘመን አቧራ ተራገፈና እንደ ዱቄት ወረደ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸው ነጣ፣ አንዷ ሌላዋን እያሳየች ባንድ ጀምበር አረጀሽ ትላታለች። ይህን መቶኛ የሰማችው ከሴቲቱ ከንፈር አንብባ ነው፤ እዚያ ቤት ሰው የሚነጋገረው በከንፈር ብቻ ሆኗል። የመስኮቶቹ መስታወት ያለቅሳል። ውጭ ጣሪያው ላይ የነበሩት ርግቦች ባንድነት ተነስተው ሰማዩን ዞሩ፣ ሊያርፉ መጡና ሐሳባቸውን ቀየሩ። በዋናው መንገድ የሚያልፉ ሰዎች የፋብሪካው አጥር ሥር ቆመው አጥሩን በመዳፋቸው ይነካሉ።

የመጨረሻው ማሽን ተነሳ።

መቶኛ በመካከለኛው መተላለፊያ ብቻዋን ቆማለች። በቀኟም በግራዋም ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ነጭ ጨርቅ ይወለዳል፤ ከየማሽኑ ሆድ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይጠቀለላል፣ አያባራም። ለአንድ አፍታ ከተማው ሁሉ ቢለብሰው የሚተርፍ መሰላት። በየወሩ ስትቀንሰው የኖረችው ያ «ያልተሠራው» ይሄ ነው። አካል አለው። ይተነፍሳል። እግሯ ሥር ሆኖ ያንቀጠቅጣታል። እሷ ደግሞ ይህን የሚያህል ፍጥረት ከነጥብ በኋላ ባለች አንዲት አሃዝ ስትጠራው ኖራለች። ልትጸልይም ልትሮጥም ቃጣት፤ ሁለቱንም አላደረገችም፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች እንጂ።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ሸሚዙ ጥጥ ለብሷል። አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማችውም። ደገመው፤ አልሰማችውም። ከዚያ ተወውና አጠገቡ ያለው ማሽን ላይ መዳፉን አስቀመጠ፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። ለረጅም ጊዜም አላነሳውም።

የከረመው ክር ሲያልቅ የቀኙም ወገን እንዲቆም ተደረገና ማሽኖቹ እንደ አነሳሳቸው አንድ ባንድ ቆሙ። መጨረሻ ላይ የተረፈው ጸጥታ ቤቱ ውስጥ የማይመጥን ትልቅ ዕቃ አምጥተው ያስቀመጡ ያህል ነበር፤ ሰው ሁሉ ዙሪያውን እየዞረ በጥንቃቄ ይራመዳል። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ተነስተዋል።

ጋሽ ይነሳል ግን አራተኛው ማሽን ሥር ተጋድሞ ይሳደባል። «ይሄ ከሃዲ! ባለፈው ቅዳሜ ምን አልኩህ?»

«ጋሼ፣ ዘጠና በመቶ ነው እኮ!» አለች ጎንበስ ብላ።

«ሁሉም ብዬሽ ነበር» አለ ከሥር። ተስቦ ወጣና ተቀመጠ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ዋርሳዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእህትሽ እንዳትነግሪ። እኔ የሰማሁት በእግሬ ነው። ይሄ ጆሮ ከተወሰነ በላይ አይሰጠኝም። ድምፁ... ምን ይመስል ነበር?»

መቶኛ አፏን ከፈተች። አንድም ቁጥር አልመጣላትም። «ጋሼ» አለችው ጆሮው ሥር ጮክ ብላ፣ «ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማህ የለ? ገና ሳይደርስ? እሱ መጥቶ፣ ደርሶ፣ ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ግን የሚያረጥበው የለም።»

ጋሽ ይነሳል አሰበበት። «ደህና ነው» አለ።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ በተገለበጠ የክር ሳጥን ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪው እንደሚቆሽሽ የረሳ ይመስላል። «ይሄን ሁሉ አንድ ወር ሙሉ ለመቀለብ ስንት ክር ይፈልጋል?» አለ።

«እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ ጋሽ ይነሳል። «ስንት ይሆን?»

«ለማን እንደምሸጠውም አላውቅም።»

«እሱንም አላውቅም።»

ሁለቱም አለማወቃቸው እያስደነቃቸው ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወደ መቶኛ ቀና ብሎ፣ «ምን ልትጽፊ ነው?» አላት።

«ያየሁትን። የተነሱት በሙሉ ይቆጠራሉ፤ ያ ግማሽ የተባለው ነገር ይቀራል። አቅማችሁ ይጨምራል።»

«አቅም ሲጨምር ደግሞ መቶኛዬ...»

«ይወርዳል። ቀይ ይሆናሉ።»

ሰውየው ፀጉሩ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ። «አረንጓዴ ልሆን መጥቼ ቀይ ሆኜ ልቅር!» አለና፣ ሳይጠበቅ ሳቀ። «ለባለንብረቶቹ ይሄን በምን አፌ እነግራቸዋለሁ?»

«አይንገሯቸው። ጠርተው ያስነሱላቸው።»

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ማመልከቻውን መልሶ ወሰደ። የብረት ገዢው ሚዛኑን ጭኖ መጥቶ ነበር፤ ከበር መለሱት።

በወሩ አጋማሽ የክፍል ኃላፊዋ አዲሷን መቶኛ አይታ፣ «ለምን ዝቅ አለች? የተዘጋ ፋብሪካ አለ?» ስትል ጠየቀች። «ምንም አልተዘጋም» አለች መቶኛ። «እስከ ዛሬ የተቆጠረው አቅም ነው ትንሽ የነበረው።» ኃላፊዋ ብዕሯን አንስታ ፈረመች።

ዜናው በተነበበ ዕለት መቶኛ እህቷ ቤት ነበረች። ራዲዮው፣ «የኢንዱስትሪው አቅም አጠቃቀም ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር በዜሮ ነጥብ ሁለት በመቶ ዝቅ ብሏል» ሲል ጋሽ ይነሳል ከወንበሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እህቷም አጨበጨበች። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ባያውቁም ጭብጨባው አላመለጣቸውም። የአገሩ ኢንዱስትሪ ዝቅ በማለቱ በዚያን ቀን ደስ ያለው ቤት ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ምነው፣ ሎተሪ ወጣላችሁ እንዴ?» አለች።

«ወርደናል!» አለ ጋሽ ይነሳል፣ ሰፈሩ በሙሉ እስኪሰማ። «በነጥብ ሁለት!»

«እግዜር ያጽናችሁ» አለች ጎረቤቲቱ፣ ግራ ገብቷት።

መቶኛ አልሳቀችም። ነጥብ ሁለት የተባለችው አሃዝ ገና ደረቷ ውስጥ ሆና እያንቀጠቀጠቻት ነበር።